ሠላሳ አንድ ወላጅ አልባ ስሞች

ግንቦት 16 ቀን፣ ዓርብ። በሰማያዊው ደብተር ሃያ ሦስተኛ ረድፍ ላይ አንድ ስም ተጽፏል፤ «የት ይኖራል» የሚለው ዓምድ ግን ባዶ ነው። የጻፉት የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ በማግሥቱ በሞት ስለተለዩ ረድፉ እንዳለ ቀረ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮምፒውተሩ «ይህን ስም አላውቀውም» ባለ ቁጥር ሦስት ነገር ይጠይቁ ነበር፦ ማን ወለደው? የት ይኖራል? ማን ይጠራዋል? በዚህም ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ማን ወለደው» ይላቸው ነበር። ቅር አይላቸውም፤ ስልክ ሲያነሡ ራሳቸው «አቤት፣ ማን ወለደው ነኝ» ይሉ ነበር።

ያን ዓርብ ጠዋት ወጣት ባልደረባቸው የኩላሊት እጥበት ተራ የሚያወጣውን ፕሮግራም እያደሰች ነበር። ረጅሙን ፋይል ለሁለት ከፈለችው፤ አንዱ ለነባር ታካሚዎች፣ ሌላው ለአዲሶች። ኮምፒውተሩ ወደ ራሱ ቋንቋ ሊተረጉመው ሲሞክር ሠላሳ አንድ ስሕተት ደረደረላት፤ ሁሉም ያልታወቀ ስም፣ የታካሚ ሳይሆን ፕሮግራሙ ነገሮችን የሚያስታውስበት መጠሪያ። የሰኞ ተራ ደግሞ በስድስት ሰዓት መለጠፍ አለበት። ተራ ከሚጠብቁት አንዷ የጋሼ ታላቅ እኅት ናቸው፤ አንድ እጥበት ካመለጣቸው እግራቸው አብጦ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

በአምስት ሰዓት ወጣቷ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ጋሼ፣ ጸዳ! አንድም ስሕተት የለም!»

«ምን አድርገሽው?»

«አላውቅም ያለውን ሁሉ አዲሱ ፋይል ውስጥ አንድ በአንድ አሳወቅሁት።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፤ ነገር ሲሸታቸው እንዲያ ያደርጋሉ። «እስቲ ለሙከራ አትሚልኝ።»

ወረቀቱ ወጣ። ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት፣ ማሽን አራት፦ እኅታቸው። ዝቅ ብሎ፣ ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት፣ ማሽን አራት፦ አንድ ጡረተኛ የጭነት መኪና ሾፌር።

«እንዴ! እኅቴን ለሾፌር ዳርሽልኝ?»

ወጣቷ ሳቀች፤ ወዲያው ደነገጠች። «እንዴት ሆነ?»

«የተያዙ ማሽኖችን የሚያስታውሰውን ስም ማን ወለደው?»

«ድሮ እርስዎ።»

«አሁንስ?»

«እኔ... ደግሜ።»

«በቃ፣ ሁለት ሆኑ። የእኔው ስም «ማሽን አራት ተይዟል» ሲል ያንቺው «ነፃ ነው» ይላል። አይተዋወቁማ! ስሞቹ በጋራው ፋይል ውስጥ አሉ፤ አዲሱን ከእሱ ጋር ማስተዋወቅ ነው የረሳሽው።»

የጻፈቻቸውን ሠላሳ አንድ መስመሮች አጠፋችና የጋራውን ፋይል የሚጠራ አንድ መስመር ከላይ አስገባች። ስሕተት የለም። በአዲሱ ወረቀት ላይ ሾፌሩ ወደ ማሽን ስድስት ተዛውረዋል።

«ጋብቻው ፈረሰ» አሉ ጋሼ። ተራው ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ተለጠፈ።

ከሰዓት በኋላ ስሞቹን እያንዳንዱ ከሚኖርበት ፋይል ጋር ለወጣቷ በሰማያዊው ደብተር ላይ ይጽፉላት ጀመር። ሃያ ሦስተኛው ላይ ሰዓታቸውን አዩና ብዕሩን ደብተሩ መሃል ትተው፣ የተራውን ወረቀት ለእኅታቸው ሊያደርሱ ተነሡ። «ቀሪውን ሰኞ።»

እኅታቸው የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱም ተበላሽቷል።

«አትደውልም ነበር?» አሉ እኅታቸው በሩን ከፍተው። «እንዲህ እያለከለክህ!»

«በስልክ ብነግርሽ ሁለት ሰዓትን ሦስት ታደርጊዋለሽ፣ እትዬ።»

«ባክህ! ጨው ግዛ ስልህ ስኳር ይዘህ የምትመጣው አንተ ነህ።»

ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት አጣበቁት፦ ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት፣ ማሽን አራት፣ አንድ ሰው ብቻ። አለመጣመሙን ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩ። ከዚያ የእኅታቸውን የቆሻሻ ከረጢት አንሥተው ደረጃውን ወረዱና ከሕንፃው በር አጠገብ ካለው በርሜል ውስጥ ጣሉት።