ለቲጂ ያልላክሁት ድምፅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ዘንድ ሄጄ፣ «ቀንቻለሁ፣ ዋሽቻለሁ» አልኩና አቀርቅሬ ቆምኩ። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ለትንሹ ኃጢአቴ ሰግጄ ትልቁን እንደያዝኩት ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። እንደምችለው እጽፈዋለሁ፤ እናንተ የምታነቡት ስሙኝ።

የተወለድኩት ጫንጮ ነው። እናቴ ስትሞት ታላቅ እህቷ እትዬ ዘነበች ቡራዩ ወዳለው ቤታቸው አመጡኝ። እናቴ «እትዬ» ትላቸው ስለነበር እኔም እትዬ አልኳቸው። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ትዕግስት፤ ሁላችንም ቲጂ እንላታለን። ዕድሜያችን እኩል ነው። እትዬ ሱቃቸው ሲውሉ ቤቱን የሚይዝ ሰው ስላስፈለገ እኔ ትምህርት አቆምኩ፣ ቲጂ ቀጠለች። ማንም በክፉ ቃል አልተናገረኝም። ግን ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሟን ስተኩስ ምን አስብ እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

ቲጂ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች ለአንድ ሴሚስተር ፖላንድ ሄዳ እንድትማር ተመረጠች። እትዬ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ፣ እኔ ስልኬን አፋቸው ሥር እይዝላቸዋለሁ፣ እሳቸው ይናገራሉ፣ የተቀዳውን እልክላታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን፣ «ሃሎ! ሃሎ ቲጂ!» ይሉና ዝም ብለው መልስ ይጠብቁ ነበር።

«እትዬ፣ እሷ እኮ ቆይታ ነው የምትሰማው።»

«ታዲያ እስክትሰማ ልጠብቃታ! ምን ያስቸኩልሻል?»

ቲጂም ድምፅ ትልክልኝ ነበር። ለእናቷ የምትልከው ሳቅ ሳቅ የሚል ነው። ለእኔ የምትልከው ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ወር ያለቀሰችው ለብቻዋ ነው። መምህሩ ሲፈጥን አይገባትም፤ ማደሪያቸው ውስጥ ሁሉም በአንድ ኩሽና ያበስላል፣ ግን እያንዳንዱ ድስቱን ይዞ ክፍሉ ይገባል። «አልሚ፣ አንድ ሰው እንኳ ብዪ አይልም እኮ» አለችኝ። በኋላ ግን ለመደች። ባቡሩን ለመደች፣ ጓደኛ አገኘች፣ ክፍል ፊት ቆማ ተናገረችና አጨበጨቡላት። አንድ ቀን ደግሞ፣ «ላይብረሪው ውስጥ ደስ ያለሽ ቦታ ትቀመጫለሽ፤ ማንም ተነሺ አይልሽም» ብላ ላከችልኝ። እሷ ረስታው ይሆናል። እኔ ድንች እየላጥኩ ደጋግሜ ሰማሁት።

በሦስተኛው ወር እትዬ ታመሙ። ጨጓራ ነው ሲባል ቆይቶ ሐኪሙ ጉበታቸው ነው አለ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤት ውሰዷቸው ተባልን። የእድራችን ሊቀ መንበር ኦቦ ገመቹ ጎረቤቱን ሰበሰቡ። «ልጅቷ በሰው አገር ብቻዋን ናት። ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ሂን ሂሚና፣ አትንገሯት። ትጨርስና ትምጣ» አሉ። ሁሉም ተስማማ። ለራቀ ሰው ክፉ ነገር በስልክ አይነገርም፤ እኛ ጋ እንዲህ ነው። እኔም ለቲጂ፣ «እትዬ ጸበል ገብተዋል፤ እዚያ ስልክ አያስይዙም» አልኳት። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት አስታማሚዎቹ ጎረቤቶች ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሁለታችን ብቻ ቀረን። እትዬ ጠሩኝ።

«ስልኩን አምጪው።»

ያዝኩላቸው። በዚያን ቀን ሃሎ አላሉም። «ቲጂዬ፣ እኔ ደክሜያለሁ። ጸበል የሚሉሽን አትስሚ። ትምህርቱ ይደርሳል፤ ነይና ልይሽ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ላክሽው?»

«ላክሁት» አልኩ።

አልላክሁትም። ግቢ ወጣሁ፣ የውኃው ሮቶ ጥግ ቆምኩና ድምፁን ከስልኬ አጠፋሁት። ስልኩ «ይጥፋ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እያወቅሁ አዎ አልኩት። ኦቦ ገመቹ አላዘዙኝም፤ እንዲህ ያለ ድምፅ መኖሩንም አላወቁም። ቢያውቁ ኖሮ «ታማሚዋ ራሷ ከጠራቻት ልጅቷ ትምጣ» ይሉ ነበር። ይህንንም አውቅ ነበር።

ለምን አጠፋሁት? ፈተናዋ እንዳይበላሽባት ነው? ለብዙ ጊዜ ለራሴ እንደዚያ አልኩት። ውሸት ነው። እትዬ ከታመሙ ወዲህ የሚያጥባቸው የእኔ እጅ ነበር፣ የሚቀምሱት እኔ ሳጎርሳቸው ነበር። በዚያ ቤት ስኖር ለመጀመሪያ ጊዜ «ልጄ» ያሉኝ ያን ሰሞን ነው። ቲጂ ብትመጣ አልጋው አጠገብ የምትቀመጠው እሷ ናት፤ እኔ ወደ ኩሽናዬ እመለሳለሁ። ለዚህ ብዬ ነው ያጠፋሁት። እናትን ከልጇ የለየሁት ለአንዲት በርጩማ ቦታ ነው።

በማግስቱ ጠየቁኝ። «ሰማችው?»

«ሰምታዋለች።»

«ምን አለች?»

እዚህ ላይ እንኳ መመለስ እችል ነበር። «ፈተናዬን ጨርሼ እመጣለሁ አለች» አልኳቸው።

«እሺ… ልጅ አይደለች» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ስልኩን አምጪ ብለውኝ አያውቁም። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞቱ። ልጃቸው ሰምታ እንደቀረችባቸው አምነው ሞቱ። በእጄ ገድያቸው ቢሆን ከዚህ ይብስ ነበር?

ሴሚስተሩ አልቆ ቲጂ ስትመጣ ከአየር ማረፊያ ሱሉልታ ዘመድ ቤት ወሰዷት፤ ማለዳ ላይ መርዶዋን ተረዳች። እኔም እዚያው ነበርኩ። መሬት ላይ ተንከባለለች። «ነይ ብትለኝ በእግሬ እመጣ ነበር! ምነው እናቴ፣ አንድ ቀን ነይ ብትዪኝ ምን ነበረበት!» ትላለች። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አልሚዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ብቻዋን ትሞት ነበር» አለችኝ። ሴቶቹም፣ «እሷማ ከወለዷት በላይ ሆነችላቸው» እያሉ መረቁኝ። አቀረቀርኩ። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው ብለው አለፉኝ።

ቲጂ አሁን ሰበታ ትሠራለች። እህቴ ትለኛለች፤ የቡራዩውን ቤትም ለእኔ ትታልኛለች። ከፖላንድ ያመጣችውን የምስክር ወረቀት ግን አንድም ቀን ስታወጣው አላየሁም። ስለዚያ ሴሚስተር ሰው ሲጠይቃት «በርዶኝ ነበር» ብላ ታልፈዋለች።

ባለፈው ወር ደወለችልኝ። ያኔ ያስተማራት መምህር ተመልሳ ሁለተኛ ዲግሪዋን እንድትሠራ ጽፎላት ኖሯል።

«እምቢ አልኩት፣ አልሚ። አንዴ ሄጄ እናቴ ሳትጠራኝ ሞተች። ልትጠራኝ ፈልጋ የማልመጣ መስሏት ይሆን እላለሁ። ሁለተኛ ከቤት አልርቅም። ደግ አደረግሁ አይደል?»

እንደዚያ ብላ መልሴን ጠበቀች። ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። ጠርተውሻል ለማለት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ያን ቃል ብናገር ትጠላኛለች፣ ግን እናቷን ታገኛለች፤ ምናልባትም ትሄድ ነበር። ይህ ሁሉ በአንዴ ታየኝ። በዚያች ሰዓት የሚሞት ሰው አልነበረም፤ አትንገሪ ያለኝም የለም።

«ደግ አደረግሽ» አልኳት። ስልኩም ሲዘጋ፣ እንደማትሄድ ሳስበው ደስ አለኝ።

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም።