ላብ ያልገባበት ሰዓት

መተማ ላይ ሰዓት ይጠግን የነበረው ጀይሉ በፀሐይ የሚሠራ ሰዓት ከፍቶ አያውቅም። እንግዳው የሚባል ከጎጃም የመጣ ሰሊጥ አጫጅ፣ ወንድሙ ከሱዳኗ ገዳሪፍ የላከለት እንዲህ ያለ ሰዓት ቆሞበት ሲያመጣለት ግን፣ አላውቅም ለማለት አፍሮ ተራ ባትሪ ገጠመለት።

በሁለተኛው ሳምንት ባትሪው ፈስሶ የሰዓቱን ሆድ ዕቃ በላው።

«ጋሼ፣ ላቤ ገብቶበት ይሆን?» አለ እንግዳው ሰዓቱን ይዞ ተመልሶ።

«ሳይሆን አይቀርም» አለ ጀይሉ አንገቱን ደፍቶ። እንግዳው ራሱን እየወቀሰ ሄደ።

ኋላ አንድ የሱዳን ነጋዴ ለጀይሉ፣ የዚያ ሰዓት ባትሪ ከፀሐይ የሚሞላ ልዩ ዓይነት እንደሆነ፣ ተራው ግን በፀሐይ ሲሞላ እንደሚፈስ ነገረው። ጀይሉ ተመሳሳይ ሰዓት አስመጥቶ የከርሞውን አጨዳ ጠበቀ። የእንግዳው ጓደኞች ብቻ መጡ።

«እሱማ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ» አሉት።

ጀይሉ እውነቱን ጽፎ ሊልክለት አድራሻውን ጠየቃቸው። የሚያውቅ አልነበረም።