የጋሽ ሰይድ መዳፍ

ልጅ ሳለሁ ባሕርን የማውቀው በጋሽ ሰይድ አፍ ብቻ ነበር። ልደታ ውስጥ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት ቦታ፣ ስምንት ቤተሰብ ሆነን አንድ ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። ክረምት ገብቶ መብራት የጠፋ እንደሆነ ጋሽ ሰይድ ከሰል ማንደጃቸውን በረንዳ ላይ ያወጣሉ፤ እኛ ልጆች በቆሏችንን ይዘን እንከባቸዋለን፤ ፋኖሱ ጥላቸውን ከኋላቸው ካለው ግድግዳ ላይ አግዝፎ ያቆመዋል። የወሎ ሰው ነበሩ፤ ጉልበታቸውን የጨረሱት ግን አሰብ ወደብ ነው። ወደቡ ከእጃችን ሲወጣ፣ ቀድሞ ከዚያው እንደመጣው አባቴ ሁሉ፣ አንድ ሻንጣ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ።

«ሲጀመር እኮ አሸዋና ጀልባ ብቻ ነበር» ይሉናል። ከዚያ ባሕሩ ውስጥ ድንጋይ ተደፋ፣ መርከብ የሚጠጋበት ግንብ ተሠራ፣ ክሬን ተተከለ፤ ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ መኪናው፣ ጨርቁ ሁሉ በዚያ በኩል ገብቶ በበረሃው መንገድ ሽቅብ ወደ መሀል አገር ይጎርፍ ጀመር። «መርካቶ የምታዩት ምስማር ሁሉ በዚህ ዓይኔ ፊት አልፏል!» ሲሉ እናምናቸዋለን። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ወደብና ንግድ ወፋፍራም መጻሕፍት አነበብኩ። ስለ ፍርሃት የሚያወራ አንድ ገጽ አላገኘሁባቸውም።

እኛን የሚያስፈራን የክሬኑ ታሪክ ነበር። ወደብ ላይ በሞተሩ ጩኸት ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ ክሬን የሚነዳው ሰው ከታች የቆመውን የአንድ ምልክት ሰጪ እጅ ብቻ ይታዘዛል። ምልክት ሰጪው ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ክንድ ወደ ጎን ከተዘረጋ «ቁም» ነው። መዳፍ ከግንባር ወደ አገጭ ከወረደ «አውርድ» ነው። አንድ ቀን መረብ ሙሉ ጆንያ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ አንድ ወዛደር የወደቀች ጫማውን ሊያነሳ ከሥሩ ገባ። «እኔ ክንዴን እንዲህ ዘርግቻለሁ፤ ቁም ብዬዋለሁ!» ይላሉ ጋሽ ሰይድ። «ሰካራሙ ክሬን ነጂ ግን ለቀቀው።» ከዚያ ዝም ይላሉ። ያኔ ከዚያ ዝምታ ውስጥ የጆንያው ድምፅ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ ሥር እንኳ ጎንበስ ብዬ በሩጫ ነበር የማልፈው።

አባቴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ስለነበር ሁልጊዜ ሳይመሽ ይወጣል። ያን ታሪክ ሲነገር ሰምቶት አያውቅም። አንድ ቀን ግን ተራ ተቀያይሮ እቤት ዋለና ምሽት ላይ በርጩማውን ይዞ በረንዳው ጥግ ተቀመጠ።

«ዛሬ ስለ ዓሣ ነባሪው ልንገራችሁ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«አይ! የሰካራሙን! የሰካራሙን!» ብለን ጮህን።

አባቴን ሰረቅ አድርገው አዩት። እሱ በቆሎውን እየፈለፈለ ነበር። ጀመሩ። እኛ ታሪኩን እየተጫወትን ነበር የምንሰማው፤ ያን ቀን ክሬኑ እኔ ነበርኩ፤ አባቴ እንዲያየኝ ብዬ በርጩማ ላይ ወጥቼ አሮጌ ዘንቢል በገመድ አንጠለጠልኩ። ጋሽ ሰይድ ክንዳቸውን ዘረጉ። አቆምኩ። ወዲያው በከሰሉ ወላፈን አላባቸውና በዚያው መዳፍ ላባቸውን ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው ሞዠቅ አደረጉት። ጥላው ግድግዳው ላይ ወረደ። እኔም ዘንቢሉን ለቀቅኩት።

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። «ሰካራም! ሰካራም!» አሉኝ።

«እኔ ምን ላድርግ?» አልኩ ተናድጄ። «ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ ራስዎ እኮ ነዎት አውርድ ያሉት!»

ሳቁ ቀጥ አለ። የጋሽ ሰይድ እጅ አገጫቸው ላይ ቀረ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።

«አንተ አሳዳጊ የበደለህ!» አሉ።

አባቴ ተነስቶ ማጅራቴን ያዘኝ። «ልጅ በትልቅ ሰው ላይ ጣቱን አይቀስርም። ጉልበታቸውን ሳም፤ ይቅርታ በል።»

ሳምኩ።

ጋሽ ሰይድ አባቴን ሰረቅ አድርገው ያዩበት ነገር ክፍላችን ገብተን ስንቀመጥ ገባኝ። «አባዬ፣ ሰካራሙ አንተ ነህ?»

«ያን ቀን ከውሃ ሌላ ምንም አልቀመስኩም» አለ። «የሰይድ እጅ ሲወርድ አይቼ ነው ያወረድኩት። ብናገር ማን ይመነኝ?»

«ታዲያ ለምን ይቅርታ አስባልከኝ?»

«ክሬኑ ላይ ስትቀመጥ ሁሉም ይታይሃል። ሰውየው ለጫማው ሲያጎነብስ አይቼዋለሁ። ዓይንህን ትተህ እጁን እመን ተብለን ነው የተማርነው፤ እኔም እጁን አመንኩ።» ከዚያ ፋኖሱን አጠፋው።

በዚያ ሰበብ ከወደቡ ተባሮ፣ «ሰካራሙ» እንደተባለ፣ የሰው መጋዘን እየጠበቀ ሞተ። ያንን ነገር ዳግም አላነሳውም። እኔ ግን አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት ስሙን አነጻለታለሁ ብዬ ቂሜን ይዤ አደግኩ።

ጋሽ ሰይድ አምና ሞቱ። ለቅሶ ቤት፣ ከእኛ ጋር ያን ታሪክ ሲሰማ ያደገ ጎልማሳ ለሐዘንተኛው ማዋዣ ብሎ የሰካራሙን ታሪክ አወራ። የዚያ ሰካራም ልጅ መሆኔን አያውቅም።

«ያ ሰውዬ አልሰከረም» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«አንተ በምን አወቅህ?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን ፊቴ ተደቀነ፤ ካልሰከረ ታዲያ እዚያ ላይ ሆኖ ሰውየውን አላየውም? የሰካራምነቱን ስም ከፋቅኩለት፣ ዓይኑ እያየ ጭነቱን በሰው ላይ የለቀቀ መሆኑን በገዛ እጄ አወጣበታለሁ።

«ሲወራ ሰምቼ ነው» አልኩና ተቀመጥኩ።

ጋሽ ሰይድን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። አሁን ግን ለምን ዕድሜ ልካቸውን ያን ታሪክ ደጋግመው እንዳወሩት ይገባኛል፤ እኔም የለቅሶ ቤቱን ነገር ለሚስቴ ባወራሁ ቁጥር «ሰው ስለበዛ ነው ያልተናገርኩት» እላታለሁ።