መስታወቱ እንጂ ዓይኔ አይደለም

ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄደው መንጃ ፈቃዳቸውን እንዲመልሱ ለእማማ ሴትሱዮ ቀጠሮ የያዘላቸው የገዛ ልጃቸው ነው። ሳይጠይቃቸው። በእሳቸው አገር ሰው ሲያረጅ መንጃ ፈቃዱን ወዶ ይመልሳል፣ ፖሊሶቹ ጎንበስ ብለው ያመሰግኑታል፣ ልጆቹም እፎይ ይላሉ። እማማ ሴትሱዮ ግን አልወደዱም።

የሚኖሩት ሳኩራጂማ በሚባል እሳተ ገሞራ ግርጌ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሎሚ የማያክለውን ትንንሽ መንደሪን ለቅመው፣ በትንሿ የጭነት መኪናቸው ጭነው ወደ ገበያ ለሚያሻግረው ጀልባ የሚያደርሱት ራሳቸው ናቸው። መኪናዋ ከቆመች መንደሪኑም ዛፉ ላይ ይበሰብሳል፣ እሳቸውም ቤት ተቀምጠው ይበሰብሳሉ።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ወደ ማታ ፀሐይ ፊት ለፊት ገብታባቸው ጎረቤታቸውን ሃማሳኪን ከነብስክሌቱ ሊገጩት ለጥቂት ሳቱት። ሰውየው ከድንጋጤው ቦይ ውስጥ ገባ፣ ከቦዩ ሲወጣ ኦሳካ ከተማ ለሚኖረው ልጃቸው ለሾጎ ደወለ። ሾጎም ከኦሳካ ከተፍ አለ።

«እማዬ፣ ሰባ አራት ዓመትሽ እኮ ነው። ዓይን ይደክማል፣ ምን ያሳፍራል?»

«እኔ አሁንም በመርፌ ቀዳዳ ክር አስገባለሁ። የደከመው መስታወቱ ነው።»

«ሁሉም ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚለው።»

«የፊቱ መስታወት ተጭሯል እያልኩህ ነው፣ አንተ።»

«ከባድ መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ መንዳት ለኔ ልትነግሪኝ ነው?»

መስታወቱን የጫረው ማን ሆነና! ባለፈው ክረምት፣ የሙታን ነፍስ ቤተሰብ ሊጠይቅ በሚመጣበት ሰሞን፣ ተራራው ሌሊቱን አመዱን ሲያራግፍ አደረ። ይሄ አመድ የምድጃ አመድ አይደለም፣ የተፈጨ ድንጋይ ነው። እዚህ አፉን ያልፈታ ሕፃን እንኳ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ መጥረግ እንደሆነ ያውቃል። ኦሳካ ቆይቶ ለበዓሉ የመጣው ሾጎ ግን ቢራ ሊገዛ መኪናዋ ውስጥ ገባና የዝናብ መጥረጊያውን በደረቁ ለቀቀው። እማማ ሴትሱዮ ከበር ላይ ሲጮኹ አልሰማም። እንደ ቀስተ ደመና የጎበጡ ሁለት የጥቃቅን ጭረት ሰንበሮች መስታወቱ ላይ ቀሩ። ሙታን ቤት ውስጥ እያሉ ልጅ አይሰደብም ብለው ያን ጊዜ ዋጡት።

አሁን ግን ሆዳቸው አልችል አለ። ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ጥላ ሥር አቁመው ጭረቱን በጥፍራቸው ዳበሱት። ጥፍር ከያዘ ጥልቅ ነው፣ አይለቅም። አልያዘም። መስታወቱን በውሃ አጥበው፣ ዙሪያውን በፕላስተር ሸፍነው፣ ከመስታወት ቤት የገዙትን ሮዝማ የመወልወያ ዱቄት እንደ እርጎ በጠበጡት። ከዚያ በወፍራም ሱፍ ጨርቅ መፈተግ ጀመሩ። ዱቄቱ እንዳይደርቅ ውሃ ይረጫሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ብዙ አይቆዩም፤ አንድ ቦታ ብቻ ከተፈተገ መስታወቱ ይሰረጉድና ያየኸውን ሁሉ ያጣምመዋል።

ሾጎ ሻዩን ይዞ በር ላይ ቆመ።

«ሰኞ የምትቆም መኪና ምን ትወለውያለሽ?»

«ሻይህ ይቀዘቅዛል።»

ትከሻቸው ተቃጠለ፣ ግን አላቆሙም። እያንዳንዱን ፍተጋ በንዴት ነው የሚሠሩት። ከሰዓት በኋላ በሹፌሩ በኩል ያለው ግማሽ ጥርት ብሎ ወጣ። ሌላውን ግማሽ አዩት፣ ከዚያ ጨርቁን አጥበው አሰጡት። ክንዳቸው ዝሎ ይሁን ተንኮል መጥቶባቸው እሳቸው ብቻ ያውቃሉ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጠሩት። «ና፣ ጋቢና ቁጭ በል። ሰኞ ሳይደርስ አንዴ ላንሸራሽርህ።»

የባሕሩን ዳር ይዘው ወደ ምዕራብ ታጠፉ። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ገባች፣ በሾጎ በኩል ያለው ጭረት ሁሉ አንድ ላይ በራ፣ መስታወቱም ነጭ ግድግዳ ሆነ።

«እማዬ ቁሚ! መንገዱ አይታይም!»

«ለማን ነው የማይታየው?» አሉ፣ መሪውን ሳያነቃንቁ። «በእኔ በኩል አንዲት ሴት ነጭ ሥራ ሥር በጋሪ እየገፋች ነው። ቀይ ጓንት አድርጋለች። ልታቋርጥ ነው መሰለኝ።»

«የታለች? ቁሚ እኮ ነው የምልሽ!»

ቀስ ብለው ፍሬን ያዙ፣ መኪናዋም ሳትንገጫገጭ ቆመች። ሾጎ ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ፣ ዓይኑን አጥብቦ ነጩን ብርሃን ሰንጥቆ ለማየት ይታገላል። ሴትየዋን ያያት ተሻግራ፣ በእሱ ጎን ባለው መስኮት በኩል በቀይ ጓንቷ ጋሪውን እንደያዘች ጎንበስ ብላ ስታመሰግን ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አየሃት?»

«አሁን... አዎ። አሁን አየኋት።»

እማማ ሴትሱዮ ማርሽ አስገቡ።

«እንግዲያው የሰኞውን ቀጠሮ እንዳትሰርዘው፣ ፖሊሶቹ ይጠብቃሉ» አሉት። «መንጃ ፈቃድህን ይዘህ አንተ ትሄዳለህ።»