ሁለት ዘበኞች በአንድ ኮምፒውተር

ያን ቀን ጠዋት እናቴ ከማሽኑ ክፍል ስትጣራ ስሜን አልጠራችም። «ነይ እስቲ» ብቻ ነው ያለችው፣ ቀስ ብላ። እናቴ ስትቆጣ ድምፅዋ ከፍ ይላል፤ ስትደነግጥ ግን ዝቅ ይላል። እኔ የምፈራው ዝቅ ሲል ነው። የምልጠውን ሽንኩርት ከነቢላዋው ትቼ ሄድኩ።

ኮምፒውተሩ ፊት ቆማለች። ወንበሩ አጠገቧ እያለ አልተቀመጠችም።

«የዲዛይኖቼ ፎልደር የት ሄደ?» አለችኝ።

እናቴ ጥልፍ ሠሪ ናት። የቀሚስ ደረት፣ የነጠላ ጫፍ፣ የትራስ ልብስ ትሠራለች። ዲዛይኑን መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ በማውዝ ትስለዋለች፤ ከዚያ በፍላሽ ወደ ጥልፍ ማሽኑ ትወስደዋለች፤ ማሽኑ ደግሞ እንደታዘዘው በክር ጨርቁ ላይ ያወጣዋል። የሸዋ ሮቢትን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ጥላ ጥላውን ሲል እሷ ቬንትሌተሩን ወደ ኮምፒውተሩ ታዞራለች። ኮምፒውተሩ ይነፍስበታል፣ እሷ ታልባለች። እንዲህ ሆና አንዲት ቅጠል ላይ ቀኑን ሙሉ ትውላለች። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ የሳለቻቸው ሁሉ እዚያ ፎልደር ውስጥ ነበሩ። ሌላ ቦታ አልነበሩም።

ከሁሉም የሚያስጨንቀው ግን የሙሽራዋ ደረት ነበር። ከጎረቤታችን ከተማ ከጀውሃ የመጡ አንዲት እናት ለልጃቸው ኒካህ ጥቁር የከፋይ ቀሚስ አሰፍተው፣ ደረቱ ልክ እንደ ሟች እናታቸው ቀሚስ እንዲጠለፍ አዘው ነበር። አሮጌውን ቀሚስ አንድ ከሰዓት ብቻ አሳይተውን፣ ብዙ ሲነካ ይበጣጠሳል ብለው ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። በስልክ አንስተነው ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን ጨርቁም ክሩም አንድ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። እናቴ ያንን ጥልፍ በዓይኗ ይዛ ነው የሳለችው። ኒካሁ ደግሞ ደርሷል።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። የሆነ ደንበኛ ፍላሽ ይዞ መጥቶ ቫይረስ አስገባብን። ኮምፒውተሩ መንቀራፈፍ ጀመረ። እኔ ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፌው ወደ ጠጋኙ ወሰድነው። ጠጋኙ ቀልደኛ ሰው ነው። «አንቲቫይረስ አላችሁ፣ ግን እንቅልፋም ነው። ሌላ ልጨምርላችሁ» ብሎ የድሮውን ቀሰቀሰና ሁለተኛ ጫነበት። ፍላሻችን ላይ የነበረውንም ሁሉ ጠርጎ አጸዳልን። ደስ ብሎን ተመለስን። በማግስቱ ጠዋት ፎልደሩ የለም፣ የጥልፉ ፕሮግራምም አልከፈትም አለ።

እናቴ ደወለችለት። ድምፁ ከስልኩ አምልጦ ይሰማኛል።

«ቫይረሱ በልቶት ነው እትዬ። አሁን ፎርማት ከማድረግ ውጪ መላ የለውም። ፀሐይዋ በረድ ስትል መጥቼ አደርግላችኋለሁ።»

«ፎርማት ሲደረግ ዲዛይኖቼ ይመለሳሉ?»

«ፕሮግራሙ ይመለሳል» አላት።

ፎርማት ማለት ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ ባዶ ማድረግ ነው። እናቴ ይህን ታውቃለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እንግዲህ ማሽኑ ከሚቆም» አለች። ለእኔ ይሁን ለማሽኑ አላወቅኩም።

«እኔ ልየው?» አልኳት።

«ምንም እንዳትነኪ።» ወደ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች። «እሺ እዪው። በማየት ብቻ።»

ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን፣ እንቅልፋም የተባለውን አንቲቫይረስ ከፈትኩት። የጠረጠረውን ፋይል የሚያስገባበት ክፍል አለው፤ በኮሮና ጊዜ ሰው እንደሚገባበት ያለ ለይቶ ማቆያ። ከፈትኩ። የእናቴ ፎልደር ከነስሙ፣ ከነፕሮግራሙ እዚያ ተቀምጧል።

«እማዬ፣ አለ!»

ሮጣ መጣች። «ታሟል?»

«አልታመመም፣ ተጠርጥሮ ነው።»

«ማነው ሥራዬን የሚጠረጥር?» አለች። ሳቄ መጣ፤ ግን ዋጥኩት፤ ምክንያቱም ሳቅ እንኳ የሆነ ነገር የሚያጠፋ መስሎኝ ነበር። ፕሮግራሙ ከዲዛይኖቹ ጋር እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ የተገዛ ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው ሲገለበጥ የመጣ ነው። እንዲህ ያለውን አንቲቫይረስ እንደማይወድ ሰምቼ ነበር። «መልስ» የሚለውን ተጫንኩ።

ፎልደሩ ዴስክቶፑ ላይ ብቅ አለ። እናቴ ትከሻዬን ያዘች። ከዚያ ዓይናችን እያየ ጠፋ። ስክሪኑ ደረቀ፣ ማውዙ አልንቀሳቀስም አለ።

ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው የምጽፈው፤ ቃላቱ እሺ ይሉኛል። ያኔ ግን ቃል አልነበረኝም። «በማየት ብቻ» ብላኝ ነበር። ነክቻለሁ። ዞሬ ፊቷን ለማየት ፈራሁ። እጇ ከትከሻዬ ላይ አልተነሳም፣ ግን ከበደ።

በዚህ መሃል ነው በሩ የተንኳኳው። ጠጋኙ መስሎኝ ነበር፤ የሙሽራዋ እናት ናቸው። አሰላሙ አለይኩም ብለው ገቡና ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ አዘነበሉ።

«ድምፅ የለውም፤ ጨረሳችሁት እንዴ?»

እናቴ መዋሸት አትችልም። «ዲዛይኑ ጠፋብኝ እትዬ» አለቻቸው።

«እንዴት ነው የሚጠፋው? ከብት ነው እንዴ?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው የጠፋው።»

ሴትየዋ ኮምፒውተሩን እንደ ተከሳሽ አዩት። «ወላሂ ልጅቷ ሌላ አልለብስም ብላለች። የአያቴ ደረት ከሌለ በፒጃማ እወጣለሁ ነው ያለችኝ።» ከዚያ ቬንትሌተሩ ሥር ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «ይገኛል ኢንሻአላህ። እጠብቃለሁ።»

እጠብቃለሁ ማለታቸው ባሰብኝ። ጀርባዬ ላይ ሁለት እናቶች ዓይናቸውን ጥለዋል። ስክሪኑ እንደገና ሲነቃ የመጀመሪያውን አንቲቫይረስ ከፈትኩ፤ ለይቶ ማቆያው ባዶ ነው። ፎልደሩ እሱም ጋ የለም። ከዚያ ጠጋኙ የጨመረልን ሁለተኛው ትዝ አለኝ። እሱንም ከፈትኩ። ፎልደሩ እሱ ጋ ነበር።

ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ የሽንኩርት ማሳ ላይ ሁለት ዘበኛ ቀጥረናል፤ የማይተዋወቁ። አንዱ የለቀቀውን ሌላው ሌባ ነው ብሎ ይይዛል። ኮምፒውተሩ የደረቀውም ሁለቱ ሲጓተቱ ነው።

ጠጋኙ ላቡን እየጠረገ ሲመጣ ይህንኑ ነገርኩት። «አሃ፣ ዶክተሯ መጥታለች» አለና ሳቀ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ግን ሳቁን ተወው። «ቀላል ነው እንግዲህ፤ እኔ የጨመርኩትን ላጥፋው።» እጁን ወደ ማውዙ ዘረጋ።

«ቆይ ጋሼ!» ማውዙን በሁለት እጄ ሸፈንኩት። እኔም ደነገጥኩ፤ ትልቅ ሰው ላይ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። «ፎልደሩን የያዘው እሱ ነው። አሁን ካጠፋኸው ይዞት ይሄዳል።»

እጁን ሰበሰበ። «ሊሆን ይችላል» አለ።

«መጀመሪያ የድሮውን ይህን ፎልደር አትንካ እንበለው። ከዚያ አዲሱ ይልቀቀው። ከዚያ ነው የምናጠፋው።»

«ከተበላሸ እኔ የለሁበትም፤ ይኸው ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለ ጠጋኙ።

«እኛ ምን አወቅንና እንሰማለን» አሉ ሴትየዋ ከበርጩማው።

የድሮውን አንቲቫይረስ ፎልደሩን እንዳይነካ አዘዝኩት። ወደ አዲሱ ዞርኩ። «መልስና ሁለተኛ አትያዝ» የሚል ትርጉም ያለውን መረጥኩ። ወዲያው ቀይ ሳጥን ወጣ፤ ይህ ፋይል ኮምፒውተርህን ሊጎዳ ይችላል፣ እርግጠኛ ነህ ይላል በእንግሊዝኛ። ሥር ሁለት ቁልፎች፣ ጎን ለጎን። አንዱ ይመልሳል፣ አንዱ ለዘላለም ያጠፋል። የማውዙን ቀስት በሁለቱ መሃል አቆምኳት። በዚያው ቅጽበት ቬንትሌተሩ ዞሮ ዞሮ ሊቆም ሆነ፤ መብራቱ ሊሄድ ነው። አራታችንም ቀና አልን። ቬንትሌተሩ እንደምንም ነፍስ ዘራና ቀጠለ። ጣቴ ግን አልታዘዘኝም። ተሳስቼ ከሆነስ? እውነተኛ ቫይረስ ከሆነስ? የእናቴ ዕድሜ ሁሉ በእኔ ጣት ሥር ነው።

«የቱ ጋ ነው የሚጫኑት?» አለች እናቴ።

«እዚህ ጋ። ግን እማዬ፣ እኔ...»

«እጅሽን አንሺ።»

«ከጠፋስ?»

«የእኔ ሥራ ነው። ከጠፋም እኔ ላጥፋው። አንቺ ዕድሜ ልክሽን ይህን ይዘሽ አትኖሪም።»

ቦታዬ ላይ ተቀመጠች። ማውዙን መርፌ እንደምትይዝ በጣቷ ጫፍ ያዘችው። ቢስሚላህ አሉ ሴትየዋ፤ እናቴ አማተበች። ተጫነችው።

ፎልደሩ ብቅ አለ። እንደ ቅድሙ እስኪጠፋ ጠበቅኩ፤ ዓይኔን ካርገበገብኩ የሚያመልጥ ይመስል ሳላርገበግብ። አልጠፋም። እናቴ ከፈተችው። ደረቱ እዚያ አለ፤ ቀይና ቢጫ መስመሩ፣ ከአንገቱ ሥር የሚወርደው ሰንሰለት። ሴትየዋ ተነስተው ስክሪኑን በጣታቸው ሊነኩት ምንም አልቀራቸውም።

«የእናቴ ነው» አሉ።

ጠጋኙ አዲሱን አንቲቫይረስ ሲያጠፋ እኔ ዲዛይኖቹን ሁሉ ፍላሹ ላይ ገለበጥኩ፤ ከዚያ ስልኬ ላይ፤ ከዚያ ጠጋኙን ለምኜ የእሱ ፍላሽ ላይም። «ደግሞ እኔን ዘበኛ አደረግሽኝ?» አለኝ።

ከፋዩን ፍሬሙ፣ የጨርቅ መወጠሪያው ላይ ወጠርነው። ማሽኑ ተነሳ። የመጀመሪያዋ ቀይ ክር ጥቁሩ ላይ ስትገባ እፎይ አልኩ፣ የያዝኩትንም ፍሬም ሳላውቅ ላላ አደረግኩት።

«አጥብቂው» አለች እናቴ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል። «እስካሁን የፈራሽው ለእኔ ሥራ ነው። አሁን ደግሞ ለሰው ቀሚስ ፍሪ።»

አጥብቄ ያዝኩት። ሴትየዋ በርጩማቸውን ወደ እኛ ሳቡ።