አደራ የተቀመጠው ባሕር

ልጄ ለሥራ ጅቡቲ ደርሳ ስትመለስ በትንሽ የላስቲክ ጠርሙስ የባሕር ውሃ ይዛልኝ መጣች። ለሌላው አባት ሽቶ ወይም ሸሚዝ ይመጣለታል፤ ለእኔ ጨዋማ ውሃ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ «ምን ላምጣልህ?» ስትለኝ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነበር። ጠርሙሱ ጠረጴዛዬ ላይ ከቆመ ሦስት ቀኑ ነው። አልከፈትኩትም።

የእኔ ዘመን ሰዎች ስለ ልጅነታቸው ሲጽፉ ሁሉም ደጎች ነበሩ። ቆሎ ተካፍለው የበሉ፣ ጓደኛቸው ሲመታ አብረው ያለቀሱ ናቸው። እኔ ያደግሁበት ቡሬ ግን ምቀኛ ልጅ ነበረበት። በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነበርኩ። የምቀናውም በአንለይ ነበር።

አንለይ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤትም አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጥ ነበር። አባቱ የኤንትሬ ሹፌር ነበሩ። ያ ትልቅ የጭነት መኪና ደጃቸው ሲቆም የናፍጣው ሽታ እስከ እኛ ግቢ ይደርሳል። እናቴ አፍንጫዋን ትይዛለች፤ እኔ ደጅ ወጥቼ እስበው ነበር። የእኔ አባት ቄስ ነበሩ። የሩቅ ጉዟቸው ፍኖተ ሰላም ነው፤ እሱም በበቅሎ። የአንለይ አባት ከምጽዋ ቴምርና ዛጎል ያመጣሉ፤ የእኔ አባት ከተዝካር በመሐረብ የተጠቀለለ ዳቦ። ዳቦው ይጣፍጥ ነበር። ያንን ግን ያኔ ብትገድሉኝ አልናገርም።

አንድ ቀን የጂኦግራፊ መምህራችን ስለ ውሃ አስተማሩን። ዝናቡ ተራራውን ሲያጥብ ከድንጋዩና ከአፈሩ ጥቂት ጨው ይወስዳል፤ ምላስ የማያውቀው ጥቂት። ፈጠም ወንዝ ያንን ተሸክሞ አባይ ይገባል፤ አባይም ወደ ባሕር ይወስደዋል። ከዚያ ፀሐይ ውሃውን ብቻ ወደ ሰማይ ትመልሳለች፤ ጨው እንደ ውሃ ሊተን ስለማይችል እዚያው ይቀራል። ውሃው ደመና ሆኖ ይመጣል፣ እንደገና ይዘንባል፣ እንደገና ጨው ይወስዳል። ባሕር ጨዋማ የሆነው በዚህ ነው አሉን።

ከኋላ አንዱ «ታዲያ ጨዋችንን ሲወስድብን ኖሮ ነዋ፣ መምህር» አለና ሳቅን።

አንለይ እጁን አወጣ። «አባቴ ከምጽዋ በጠርሙስ ያምጣልን?»

«ካመጡልንማ በሳህን አድርገን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ውሃው ሄዶ ጨው ሲቀር በዓይናችሁ ታያላችሁ።»

ክፍሉ በሙሉ ወደ አንለይ ዞረ። እኔ ወደ መስኮቱ።

ኤንትሬው የመጣው አንድ ቅዳሜ ነው። ባሕሩ በአረቄ ጠርሙስ ውስጥ ነበር፤ አፉ በቡሽ ተደፍኖ በሰም ታሽጓል። አንለይ ቤት ሁሉን የሚነካኩ ሕፃናት ስለነበሩ፣ እናቱ «ቄሱ ዘንድ አስቀምጥ» አለችው። በአገራችን የሚሳሳለት ነገር ያለው ሰው ቄስ ቤት አደራ ያስቀምጣል፤ የኑዛዜ ወረቀት፣ የሟች ቀለበት፣ ምኑ ቅጡ። አባቴ ጠርሙሱን ተቀብለው ከመጻሕፍቱ ሣጥን አጠገብ አኖሩት። «እስከ ሰኞ የእግዜር አደራ ነው» አሉ፤ አንለይም መስቀል ተሳልሞ ሄደ።

አባቴ ለሰርክ ጸሎት ሲወጡ ጠርሙሱን ይዤ ወደ አጥሩ ሥር ሄድኩ። ልቀምሰው ብቻ ነበር። የምመኘውም አንድ ነገር ነው፤ የፈጠም ውሃ ሆኖ እንዳገኘው። ሰሙን በጥፍሬ ፍቄ ቡሹን ነቀልኩና ተጎነጨሁ። ጨውነቱ እስከ ጉሮሮዬ ዘለቀ፤ ከኋላው ደግሞ አንዳች መራራ ነገር አለ። ባሕር ነበር።

ውሸት ቢሆን ኖሮ አልደፋውም ነበር። መልሼ አሽጌው ሰኞን በጉጉት እጠብቅ ነበር። እውነት ሆኖ ቢያቃጥለኝ ዘቀዘቅሁት፤ መሬቱም ጠጣው።

ባዶው ጠርሙስ እጄ ላይ ሲቀር ነው ፍርሃት የመጣው። ከእናቴ ጨው ቆርሼ ውሃ ላይ ብበጠብጥ ታውቅብኛለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ከብቶቻችንን አምቦ፣ ያን ከመሬት የሚፈላ ጨዋማ ውሃ፣ ልናጠጣ ወደ ምንጩ እንወርድ ነበር፤ ላሞቹ ያን ውሃ ለጨውነቱ ሲሉ ይጋፉበታል። ጨዋማ ነገር ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበርና ጠርሙሱን ከሚንተከተከው ምንጭ እስከ አንገቱ ሞላሁ። ቡሹን በድንጋይ መታ መታ አድርጌ፣ ከአባቴ ጧፍ ሰም አቅልጬ አሸግሁት። በሥራዬም ኮራሁ።

ሰኞ መምህሩ ሰሙን ሲፍቁ ቡሹ ጧ ብሎ ጣሪያውን መታ። ውሃው እየተንሿሿ አረፋ አወጣ። መምህሩ በጣታቸው ቀመሱና ፈገግ አሉ። «ይህንን ባሕርስ ላሞቻችንም ያውቁታል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አንለይ፣ አባትህ ምጽዋ የሚሉት እዚህ ከብት ማጠጫው ነው?» «ኤንትሬውም አምቦ ሊጠጣ ነው የሚመጣው!» እኔም ሳቅሁ፤ ካልሳቅሁ ያውቁብኛላ።

ከሰዓት በኋላ አንለይ ዓይኑ ቀልቶ ግቢያችን መጣ። አባቴ ደጅ ተቀምጠው ነበር፤ እኔም አጠገባቸው።

«አባ፣ አባቴ አይዋሹም። ጠርሙሱን ሰው ነክቶት ይሆን?»

አባቴ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ከዚህ ቤት አደራ ጎድሎ አያውቅም። አባትህ ደክሟቸው ቢረሱት፣ አንተን ላለማሳዘን ከዚሁ ቀድተውልህ ይሆናል። አትቀየማቸው።»

ያን ጊዜ አንዲት በግ አጥሩ ሥር አንገቷን ደፍታ መሬት ትልስ ነበር። ሣር የለበትም፤ ባዶ አፈር ነው። እናቴ ከጠዋት ጀምራ ብታባርራት እየተመለሰች ነው። አንለይ በጓን አያት። ሄዶ ጎንበስ አለና አፈሩን በጣቱ ነክቶ ምላሱ ላይ አደረገ። ከዚያ እኔን አየኝ።

አንዲት ቃል ቢናገር ኖሮ አባቴ በዚያ አገር አደራ ተቀባይነታቸው ያበቃ ነበር።

አንለይ ወደ አባቴ ተመለሰ። «ልክ ነዎት፣ አባ። አባቴ ረስተው ይሆናል» አለ። መስቀል ተሳልሞ ወጣ።

ልጆቹ እስከ ዓመቱ መጨረሻ «አምቦ» እያሉ ሲጠሩት ኖሩ። ክረምቱን አባቱ ቤተሰቡን ይዘው ወደ አስመራ ተዛወሩ፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ሰው እሳቸው ዘንድ አደራ ያስቀምጥ ነበር።

ያኔ ምጽዋ ሹፌር ደርሶ የሚመለስባት የራሳችን ከተማ ነበረች። ዛሬ ልጄ ባሕር ለማየት ፓስፖርቷን ማስመታት ነበረባት። ሰው በዚህ ያዝናል፤ እኔም አዝናለሁ፤ ግን እጄ የገባውን ባሕር ቀድሞ የደፋ ሰው ብዙ ማዘን አያምርበትም። በአባቱ መኪና መቅናት ካቆምኩ ቆይቷል። የማልተወው ሌላ ቅናት ነው፤ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የአባቱን ስም አሳልፎ ሰጥቶ የእኔን አባት ስም ያዳነበት ልብ። እንኳን ያኔ አሁንም የለኝም።

ትናንት ጠርሙሱን ይዤ ግቢዬ ወጥቼ ነበር። ዙሪያው ሲሚንቶ ነው። ብደፋው ፀሐይ ውሃውን ትወስደዋለች፣ ነጭ ነገር ይቀራል፣ ሠራተኛዋ ጠዋት ትጠርገዋለች። መጥቶ የሚልሰው በግ የለም። መልሼ አስገባሁት።