ያንኑ እግር ሁለት ጊዜ

የረጠበ ቆዳ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ተቀምጬ መቆየት አልችልም፤ ሥራ ይዤ ከሆነ ሥራውን ጥዬ፣ ከሰው ጋር እየተጫወትኩ ከሆነ ጨዋታውን አቋርጬ፣ አንድ ነገር የረሳሁ ይመስል ብድግ እልና በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ልጆቼ «እማማን ደግሞ ጀመራት» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። መተማ ገበያ ዳር፣ ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉት ጫማ ሰፊ ቆዳ የሚዘፈዝፉበት ገንዳ አጠገብ ቁጭ ብዬ የሠራሁትን ቢያውቁ ግን እንዲህ አይስቁም ነበር።

ጊዜው ጣሊያን ከተማችንን ይዞ የተቀመጠበት ነው። አባቴ በአህያ ሰሊጥና ጨው እየጫነ ከድንበር ወዲህና ወዲያ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነበርና፣ ወታደሮቹ አህዮቹን ወስደው አንዲቷን ብቻ ሲተዉለት፣ እጁ ሥራ ፈትቶ እግሩ ግን እረፍት አጥቶ፣ ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ ይወጣ፣ ወጥቶ ሳይቆይ ተመልሶ ይገባ ነበር። እናቴም የእሱ ነገር ተጋብቶባት የጠረገችውን ደጅ መልሳ ትጠርግ ነበር። እኔማ ድሮም ቂጤ መሬት የማይነካ ልጅ ነበርኩ።

በበጋው መጨረሻ፣ ያ የቆላ ሙቀት ውሻውን እንኳ ጥላ ለጥላ በሚያዞርበት ሰሞን፣ ወንዶቹን ለመንገድ ሥራ ሊመዘግቡ ነው የሚል ወሬ መጣና አባቴ ቆረጠ። ክረምቱ አልፎ የዋልካው ጭቃ ሲደርቅ እሱ፣ እናቴ፣ እኔና ገና ሁለት ዓመቱ የነበረው ወንድሜ ገብሬ፣ አራታችንም ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ እንሻገራለን አለ። ትልቁ መንገድ ጠባቂ ስለነበረበት የምንሄደው አምስት ቀን ሙሉ በጫካ፣ በግራር እሾህ መሀል ነው፤ መንገድ የሚመራን ባቢክር የሚባል ሱዳናዊ ግመለኛ ደግሞ፣ ቀደም ብሎ እሾህ የወጋውን የሌላ ሰው ልጅ ሁለት ቀን አዝሎ ወገቡን ስለታመመ፣ «ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ ሁለተኛ አልወስድም» ብሎ ምሏል። ገብሬ አህያዋ ላይ ከውሃው ጋር ይሆናል። እኔ ግን በእግሬ መሄድ አለብኝ። አባቴ ለእናቴ «ጫማ ካልሆነላት ሸሕዲ ከተማ አክስቷ ዘንድ ትቀራለች» ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ።

ጉዱ ያለው እግሬ ላይ ነው። ቀኝ እግሬ ግራውን በአውራ ጣት ውፍረት ያህል ይበልጠዋል፤ ስወለድም እንዲሁ ነበር ይላሉ። ስሮጥ ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ጭቃ ላይ ዱካዬን ያዩ የሰፈር ልጆች ግን «ታላቅና ታናሽ» የሚል ስም አወጡልኝና «ታላቅና ታናሽ መጣች!» ባሉኝ ቁጥር እግሬን በቀሚሴ እሸፍን ነበር። እናቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ አባቴ ግን፣ ማን የልጁን እግር ሲያስተያይ ይኖራል፣ ልብ ብሎት አያውቅም።

ሐምሌ ላይ ለመለካት ስንሄድ እናቴን ንዳድ ጥሏት ተኝታ ነበርና፣ ከተኛችበት ሆና «ሁለቱንም እግሬን ይለኩልኝ በያቸው፣ አንዱ ይበልጣል በያቸው፣ ሰማሽኝ?» ብላ ሦስት ጊዜ ነገረችኝ። ሰምቻለሁ። አባቴ ከሐጂ ዳስ ሥር፣ ከገንዳው አጠገብ አስቀመጠኝና «ተለኪ፣ ደርሼ ልምጣ» ብሎ፣ ዝናቡ እየወረደበት፣ ወሬ ፍለጋ ወደ ገበያው ከነፈ።

ሐጂ የሚሰፉት ሱዳኖቹ መርኩብ የሚሉትን ጫማ ነበር። መርኩብ ግራና ቀኝ የለውም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆኖ ይሰፋና እግር ራሱ እያደር ወደ መልኩ ያመጣዋል። ስለዚህ ሰፊው የሚፈልገው ርዝመቱን ብቻ ነው፤ ሐጂም ዓይናቸው ስለደከመ በጣታቸው እየዳሰሱ ገመድ ላይ ይቋጥሩና ልኩን ለረዳታቸው ጮክ ብለው ይናገሩ ነበር። እኔን ያስፈራኝ ያ ጩኸት ነው፤ ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት የሰፈራችን ጨው ነጋዴ ሁለት ሴት ልጆች ነበሩ፣ ያንን ስም ያወጡልኝም እነሱ ናቸው።

ግራ እግሬን ሰጠኋቸው፣ ለኩ፣ ቋጠሩ። «ሁለተኛውን አምጪ» አሉኝ። ቀሚሴ እስከ መሬት ነው፤ እግሬን ወደ ውስጥ ሰበሰብኩና፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ያንኑ ግራ እግሬን መልሼ ዘረጋሁላቸው።

ሐጂ ዳሰሱት፣ ገመዱን ዘረጉ፣ ደግመው ዳሰሱት። «ማሻአላህ!» ብለው ጮኹ። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የሰው እግር ስለካ አንዱ ካንዱ ያልበለጠበት አላየሁም። የኔም ይበልጣል፣ ያባትሽም ይበልጣል፣ የሰው ሁሉ እግር እንዲያ ነው። ያንቺ ግን እኩል!»

ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር። የሰው ሁሉ እግር እንዲያ ነው አሉኝ እኮ! ከኋላዬ ያሉት ልጆች ግን «እኩል ነው አሉ!» ሲባባሉ ሰማሁና ደስ አለኝ፤ አዎ፣ ደስ አለኝና ምላሴ ላይ የደረሰውን ዋጥኩት።

ጫማው በመስከረም ደረሰ። ግራው ሲገባ ልክ ነው፤ ቀኙ ተረከዜ ላይ ሲደርስ እንቢ አለ። አባቴ «እስቲ ተራመጂ» ሲለኝ የጫማውን ጀርባ ረግጬ፣ ተረከዜን በቀሚሴ ጋርጄ፣ እስከ አጥሩ ሄጄ ተመለስኩና «ልኬ ነው» አልኩት። የጠበበ ጫማ የራሰ ማሽላ ቢሞሉበት ማሽላው እያበጠ ያሰፋዋል ሲሉ ሰምቼ ነበርና፣ በየቀኑ ማሽላ እየዘፈዘፍኩ ሞልቼ አልጋ ሥር እሸጉጠው ነበር፤ ስምንት ቀን ሙሉ ሲነጋ ሮጬ እሞክረዋለሁ፣ ትንሽ ለቀቅ ይላል፣ አይበቃም፣ እጨምርበታለሁ። ሰሊጡ እየታጨደ ነበር፣ ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ነው፣ የሚያየኝ የለም። ቸኮልኩና አንድ ቀን እስከ አፉ ጠቅጥቄ ሞላሁት፤ በማግስቱ ስፌቱ ከጣት እስከ ተረከዝ ተተርትሮ፣ ማሽላው መሬት ላይ ፈስሶ፣ እናቴ በላዩ ቆማ አገኘኋት።

«ሁለቱንም እግሬን ይለኩልኝ አላልሻቸውም?»

«ብያቸዋለሁ፤ አልሰሙኝም» አልኩ።

ለመነሳት ሁለት ቀን ቀርቶናል። አባቴ የተቀደደውን ጫማ አንጠልጥሎ ወደ ሐጂ በረረ፤ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ «ያ ዕውር ሽማግሌ በቁርኣን ይምላል! ሁለቱንም ለክቻለሁ፣ እኩል ነው ይላል!» አለ። ሐጂ አዲስ እሰፋለሁ ብለውት ነበር፤ ቆዳው ግን ለመድረስ አምስት ቀን ይፈልጋል፣ ባቢክር ደግሞ አንድ ቀን አይጠብቅም።

እናቴ የጠቀለለችውን ዕቃ መፍታት ጀመረች። «እርስዎ ይሂዱ» አለችው፣ ቀና ሳትል። «አንዷን ልጄን ጥዬ ሌላውን አንጠልጥዬ አልሄድም።» አባቴ ገብሬን ሳመ፣ እኔን ሳመ፣ ደግሞ ተመልሶ መጥቶ ሳመኝ። «አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» አለኝና ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ክረምት መጣና ሄደ። እናቴ የሰው ሰሊጥ እያረመች ታበላን ነበር፤ እኔም የድንበሩ ወንዝ ዳር እየሄድኩ ማዶ ማዶውን አያለሁ፣ ወደ ቤት እሮጣለሁ፣ ምናልባት በሌላ በኩል መጥቶ ይሆናል ብዬ፣ ደግሞ ወደ ወንዙ እሮጣለሁ። ሌሊት ሌሊት እናቴ ጎኗን ስታገላብጥ እየሰማሁ ልነግራት አፌን እከፍትና እዘጋው ነበር። በሁለተኛው ክረምት ማግስት የእንግሊዝና የጣሊያን መድፍ ሲጀምር ሸሕዲ አክስቴ ዘንድ ሸሸን።

ጣሊያን ለቅቆ ሲሄድ አባቴ ሸሕዲ ድረስ መጣ። ከስቷል፣ ጠጉሩ ሸብቷል፤ ገብሬ አላወቀውም፣ እናቴ ጀርባ ተደበቀ። አባቴ ከብብቱ አንድ ጥቅልል አወጣና ፈታው፤ አንዱ ካንዱ የሚበልጥ፣ ያልተነካ አዲስ መርኩብ ነበር። ገዳሪፍ በገባ በወሩ አሰፍቶ፣ ዛሬ ነገ ድንበሩ ይከፈታል እያለ፣ ሁለት ዓመት ይዞት ዞሯል። ቁጭ ብሎ ራሱ ሊያጠልቅልኝ ሞከረ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ እግሮቼ እኩል ሆኑ፤ አንዱም አልገባ አለ።

እናቴ ሳቀች። እኔ አለቀስኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ግራ እግሬን፣ ቀሚሴን፣ ሐጂ ማሻአላህ ሲሉ ደስ እንዳለኝ ጭምር።

አባቴ ጫማውን ጥቅልሉ ላይ መልሶ አስቀመጠ። «ሰውዬውን ዕውር ብዬ ሰድቤያቸው ነው የሄድኩት» አለ። ቀጥሎም «እኔንስ ምን ያራውጠኝ ነበር? ጥቂት አጠገብሽ ብቆም ምን ነበረበት?» አለ። ቢመታኝ በወደድኩ። በሳምንቱ ይቅርታ ሊል መተማ ወረደ፤ የሐጂ ዳስ ተቃጥሏል፣ እሳቸውም የት እንደገቡ የሚያውቅ አላገኘም።

አሁን የምኖረው ጎንደር ነው። ጫማ ቤት ስገባ ሻጩ ልጅ አንዱን ጫማ ብቻ ይዞልኝ ይመጣል፤ እኔም ሰው ይኑር አይኑር ሳልል «ቀኜ ይበልጣል፣ ለእሱ የሚሆን ስጠኝ፣ ግራውን ጥጥ እሞላበታለሁ» እለዋለሁ። ልጁ «እሺ እማማ» ይልና ያመጣልኛል፤ ዞር ብሎ የሚያየኝ እንኳ የለም። ለካ ይኸው ነበር ነገሩ፤ ያኔ ይህችን ብናገር ኖሮ አባቴ ያን ሁለት ክረምት ከእኛ ጋር ይበላ ነበር።